ላልተሰበረ መስታወት የተጠየቀ ይቅርታ

«ይቅርታ» የሚለው ቃል ያቅለሸልሸኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም፤ መንገድ ላይ የገፋኝ ሰው ይቅርታ ካለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ የምውል ሰው ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን በዓመት ሰባ ሰማንያ ይቅርታ እያስተየበ፣ እያስፈረመና እያሳተመ ወደ እኔ መደርደሪያ መላክ ከጀመረ ወዲህ ነው የቀፈፈኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ተማሪዎቹ ጋሼ መዝገብ ይሉኛል፤ የተናደዱ ቀን ደግሞ ጋሼ አቧራ።

የማወራላችሁ ግን ከፊት ለፊቴ ስለምትቀመጠው ጸሐፊ ነው። የትምህርት ቤቱ ክብ ማኅተም የሚያድረው እሷ መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ ልጆቹ እትዬ ማኅተም ብለው አወጡላት። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ወደ ግቢው የውሃ በርሜል የሚያይ አንድ መስኮት። ጣቶቿን ሳታይ ትተይባለች። የመምህራኑን ማመልከቻ ሳትጠየቅ ታርማለች። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ ንግግር ሲያደርግ የእሷም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የጻፈችው እሷ ናታ።

ባሏ የሞተው ልጃቸው ገና አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። ልጅቷን ብቻዋን አሳደገቻት፣ እኛው ትምህርት ቤት አስገባቻት። ጠዋት ጠዋት አብረው ይመጡና ደወል እስኪደወል ልጅቷ እኛ ቢሮ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትጨርሳለች። እኔ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሚጢጢ ነው የምላት። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ እናቷን አልፏል፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ከአምስት ዓመት በፊት ርዕሰ መምህሩ ከአንድ ሥልጠና ተመልሶ «ከእንግዲህ ልጅ አይገረፍም፣ አይባረርም» አለ። ያጠፋው ልጅ፣ የተበደለው ልጅና የሁለቱም ወላጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ያጠፋው ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገራል፤ የተበደለው የደረሰበትን ይናገራል፤ ከዚያ የተጎዳው እንዴት እንደሚጠገን አብረው ይመክራሉ። ስሙንም የእርቅ ክበብ አሉት። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። እኔ በተማርኩበት ዘመን በጎማ ነበር የምንገረፈው፤ ያ ሁሉ ግርፊያ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር እጅን ወደ ኋላ መደበቅ ነው።

የመጀመሪያው ክበብ ደግሞ ልብ የሚነካ ነበር። አንድ ልጅ በንዴት በወረወረው ድንጋይ የሌሊት ዘበኛውን ክፍል መስታወት ሰብሮ ነበር። ሽማግሌው ቀን ቀን ነው የሚተኙት። ልጁ በክበቡ ከተቀመጠ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ብቻውን አንድ ጥግ ላይ ሁለት ሰዓት ቆየና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የሰበርኩት መስታወትዎን ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍዎንም ነው። መስታወቱን ከመስታወት ቆራጩ ጋር ሆኜ እገጥመዋለሁ። እንቅልፍዎን ግን እንዴት እንደምመልስልዎ አላውቅም፤ እርስዎ ይንገሩኝ።» ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ዘበኛው አለቀሱ። እትዬ ማኅተምም እየተየበች አለቀሰች። አንድ ቅጂ ለፋይል አደረገች፣ አንዱን ቤቷ ወስዳ ለልጇ አነበበችላት።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ የመጣው ልጅ የሚጽፈው ጠፋው። ክበቡን የሚመራው ወጣት መምህር፣ እኛ አስታራቂው የምንለው፣ ወደ ቢሯችን ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ያችን የመስታወቷን ዓይነት አንድ ያውጡለት» አላት። እሷም ሰው እንቢ ማለት አይሆንላትምና አወጣችለት። ሦስተኛው ልጅ መጣ፣ አራተኛው መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ደብዳቤው ኮምፒውተሯ ውስጥ የሚኖር ፎርም ሆነ። ስምና ክፍል ይቀየራል፣ ጥፋቱ ይቀየራል፣ የቀረው አይነካም። «የሰረቅኩት እስክሪብቶዎን ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍዎንም ነው።» ለእስክሪብቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ልጁ ይፈርማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ እኔም በሳጥን ፋይል አስሬ እሰቅለዋለሁ። እውነተኛ የነበረች አንዲት ቃል ሰማንያ ልጅ አፍ ውስጥ ገብታ ስትወጣ እንደ ታኘከ ማስቲካ ሆነች። ጠረጴዛ ሥር የተለጠፈ ማስቲካ በጣትህ ነክተህ ታውቃለህ? እንደዚያ።

ያ ዓርብ ደረሰ። ሰኞ ከበላይ ቢሮ እንግዶች መጥተው የእርቅ ክበቡን ሥራ ሊጎበኙ ነው፤ ግማሹ ጉዳይ ደግሞ አልተዘጋም። አስታራቂው እየሮጠ መጣና የአሥራ ሁለት ልጆች የመታወቂያ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ጣለ። ስም የለም፣ ጥፋት የለም፣ ቁጥር ብቻ። የተበዳዮቹ ስም በኋላ በእጅ ይሞላል ተባለ። እሷም አሥራ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አወጣቻቸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቃለ ጉባኤዎቹን አመጣላት፤ ማን እንደተገኘ፣ ምን እንደተስማሙ የሚሉትን። ጧ ጧ ጧ አድርጋ አተመቻቸው። እሷ ሳታነብ አተመች፣ እኔም ሳላነብ ፋይል አደረግኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ማኅተም ብቻዋን መጣች። በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አደርክ ሳትለኝ አንድ የታጠፈ ወረቀት ፊቴ አኖረችና «አንብብ» አለችኝ።

አነበብኩ። የሰበርኩት መስታወትዎን ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍዎንም ነው። ከታች የአንድ ስምንተኛ ክፍል ተማሪ ፊርማ አለ፤ ረጅሙ የሚሉት ልጅ ነው። ከላይ፣ በእስክሪብቶ፣ የሚጢጢ ስም።

«መስታወቷን ሰበረባት?» አልኳት።

«ምራቁን ነው የተፋባት። ኮዳዋ ውስጥ። የምትጠጣው ውሃ ውስጥ።» ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ዘጠኝ ቀን። እየተፉ ይከድኑታል፣ እሷ ትጠጣለች፣ ክፍሉ ሙሉ እያየ ይስቃል። ረቡዕ ዕለት በዓይኗ አየች። እዚያው አስታወከች። ለእኔ ሆዴን አሞኛል አለችኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ነገረችኝ። ልጅቷ ከረቡዕ ጀምሮ ብርጭቆ አልነካችም። ስትጠማ ከቧንቧ በመዳፏ ትጠጣለች፣ ከዚያ በፊት ግን እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ትታጠባለች። እናቷ የቀዳችላትን እንኳ አልጠጣም አለች። ዛሬ ጠዋት ዩኒፎርሟን አልለብስም ብላ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። የማጠቃለያ ፈተናው የዛሬ ሳምንት ሰኞ ነው፤ ካልተፈተነች ዓመቱን ትደግማለች። እናቷ ብትለምናት፣ ብትቆጣት፣ ልጅቷ ያቺን ወረቀት ከደብተሯ ውስጥ አውጥታ ሰጠቻት።

«ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹እማዬ፣ ይህቺን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል?› አለችኝ። ዓረፍተ ነገሩን ታውቀዋለች እኮ። እኔው ነኝ ያነበብኩላት።»

ኮዳ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አንድ ፋይል ፈልጌ ልመለስ አልኳትና ወደ መደርደሪያው ጀርባ ሄድኩ። የምፈልገው ፋይል አልነበረም።

እሷ በቀጥታ ወደ አስታራቂው ሄደች። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ጉዳዩ እኮ ተዘግቷል እትዬ» አላት። «ዓርብ በምሳ ሰዓት አስቀምጠን አስታርቀናቸዋል። ሁለቱም ፈርመዋል።»

«ወላጅ ሳይኖር?»

«ቃለ ጉባኤው ወላጅ ተገኝቷል ነው የሚለው።»

«የት ተገኘሁ?»

«እርስዎ እዚሁ ግቢ ውስጥ አይደሉ እንዴ? ጥሪ ከምልክ ብዬ... ተገኝተዋል አልኩት። ደግሞም ማኅተም አርፎበታል።»

«ማን አተመው?»

«እርስዎ» አለ።

እኔ ቃለ ጉባኤውን ከፋይሉ አወጣሁት። እውነቱን ነው። «የተበዳይ ወላጅ፦ ተገኝተዋል» ይላል፤ በላዩ ላይ የእሷው ማኅተም ጥርት ብሎ አርፏል። ይህን የመሰለ ነገር የሚያደርጉ ሰዎች ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ይደክምበታል። እኛ ግን ልማድ ሆኖብን ነው እንዲህ ያለውን ቆሻሻ የምንሠራው፣ ሻይ ሰዓት እንዳያልፍብን።

እንግዶቹ በአራት ሰዓት መጡ። መደርደሪያዬን ፎቶ አነሱ። አንደኛው ሰውዬ ከፋይሉ አንዱን መዝዞ ጮክ ብሎ አነበበና «በተለይ ይህቺ ‹እንቅልፍዎንም ነው› የምትለዋ! ልጆቹ በዚህ ደረጃ ስሜታቸውን መግለጽ ከቻሉ...» አለ። ርዕሰ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ እንደ ሙሽራ ፈገግ አለ።

እንግዶቹ እንደወጡ እትዬ ማኅተም ርዕሰ መምህሩን ክበቡ እንደገና ይደረግልኝ አለችው። የተዘጋ ጉዳይ ከተከፈተ ሪፖርቱ ይበላሻል አላት። ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች፣ መሳቢያዋን ከፈተች፣ ማኅተሙን ከነቀለም መርገጫው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። የስድስት መቶ ልጆች የፈተና መግቢያ ካርድ ጠረጴዛዋ ላይ ተቆልሎ ማኅተም ይጠብቃል።

ርዕሰ መምህሩ እኛ ቢሮ ድረስ መጣ። «አንቺ ሴት፣ በሰው ልጅ ፈተና ትቀልጃለሽ?»

«አልቀለድኩም። ሐሙስ እንቀመጥ። ልጁ ይምጣ፣ እናቱ ትምጣ፣ እኔም በእግሬ ሄጄ ልቀመጥ። ከዚያ እጄ እስኪዝል አትምልዎታለሁ።»

ያቺ ሰው እንቢ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት ይህን የምትለው። ማክሰኞ ለመናት፣ ረቡዕ አስፈራራት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እሺ አለ።

ለእሷ ግን የከበዳት ርዕሰ መምህሩ አልነበረም። ልጇን ማምጣት ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ልጇ እግር ሥር ቁጭ ብላ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳላይ ነው የጻፍኩት፣ ሳላይ ነው ያተምኩት። አንቺን ግን ማየት ነበረብኝ» አለቻት። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ልጅቷም፣ ሐሙስ እመጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ስላለው ግን አላውቅም አለቻት።

ሐሙስ በቤተ ሙከራው ክፍል ተቀመጥን፤ በእነዚያ ጀርባ በሌላቸው በርጩማዎች ላይ። ሚጢጢ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ እናቷ ከጎኗ። የረጅሙ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የልብስ መለኪያው ሜትር አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጡት። አስታራቂው መመሪያውን ይዟል። እኔን ደግሞ እትዬ ማኅተም «ጽሕፈትህ ጥሩ ነው፣ አንተ ያዝልን» ብላ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረገችኝ። አሞኛል ማለት እችል ነበር። አላልኩም፤ ማንም አያነሳውም ብዬ ነው።

አስታራቂው «እንግዲህ የዛሬው ዓላማችን...» ብሎ ሲጀምር እትዬ ማኅተም «ወረቀቱን እጠፈው ልጄ» አለችው። አጠፈው።

«ያደረግከውን ንገራት» አለችው ረጅሙን። «ለእኔ አይደለም። ለእሷ።»

ልጁ ተነሳ። እጁን ወደ ኋላ አደረገና እንደ መዝሙር በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው፦ «የሰበርኩት መስታወትሽን ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍሽንም ነው።»

በቃሉ አጥንቶት ነው የመጣው! እናቱ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «የምን መስታወት ነው? አንተ ልጅ፣ የሰው መስታወትም ሰብረሃል?» አሉ።

«አልሰበርኩም እማዬ፤ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ስለሚል ነው።»

ሰው ሁሉ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ሚጢጢ ግን ፊቷ ሳይለወጥ «መስታወቱን ተወው። ውሃዬን ንገረኝ» አለችው።

ያን ጊዜ ቁጭ አለ። ጎረምሳ ነውና ድምፁ መሃል ላይ እየተሰበረ ተናገረ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኮዳዋን በርሜሉ አጠገብ ትተወዋለች። ቀልድ ነበር አለ። ከፈተው፣ ተፋበት፣ ከደነው፣ እንዳይታይ ነቀነቀው። ሮጣ መጥታ ጠጣች፣ ሁለት ልጆች አይተው ሳቁ። በማግስቱ ሌላው እኔም ልሞክር አለ። አረፋው እንዳይታይ ውሃ ይጨምሩበት ነበር። አንድ ቀን «ዛሬ ውሃው ይሞቃል» ብላ ስትናገር ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኔ እጽፋለሁ። እናቱ በሜትሩ ጫፍ አፋቸውን ይዘዋል።

«ስንት ናችሁ?» አለችው ሚጢጢ።

«አሥራ አንድ።»

«ማን ማን ያውቅ ነበር?»

«ሁሉም። ክፍሉ በሙሉ።» አገጩን ወደ እኔ ቀና አደረገ። «ጋሼም ያውቃሉ።»

አስታራቂው «የትኛው ጋሼ?» አለ።

«ጋሼ መዝገብ። የመጀመሪያ ቀን ስተፋ በመስኮት አይተውኛል። ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው። ይቆጡኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኳቸው እኮ። መጋረጃውን ሳቡት። ታዲያ እኔ ያን ያህል ነገር አይደለም ማለት ነው ብዬ...»

«ሐሰት ነው» ማለት እችል ነበር። የልጅ ቃልና የሽማግሌ ቃል እኩል አይመዘንም፤ ይታመንልኝ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ሚጢጢ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ በምታየኝ ዓይኗ እያየችኝ፣

«ጋሼ፣ የኔ ኮዳ መሆኑን አውቀው ነበር?» አለችኝ።

ኮዳው ላይ እናቷ ስሟን በሰማያዊ ፕላስተር ለጥፋበታለች። በየጠዋቱ የሚቀመጠው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«አውቄ ነበር» አልኳት።

«ታዲያ ምን አሰቡ?»

ፀሐዩ፣ የሥራው ብዛት፣ የልጆች ቀልድ፣ በሌላ ሰው ልጅ ምን አገባኝ፤ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። «ምንም አላሰብኩም» አልኳት። «ምሳ ልወጣ ነበር።»

ይቅርታ ልላት ስል እጇን አነሳች። «አሁን አይደለም» አለች። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረችና ሰኞ ለፈተና እመጣለሁ አለችው፤ እስከዚያ ድረስ ለእኔ የነገርከኝን ክፍሉ ሁሉ ፊት ትናገራለህ፣ አሥሩንም በስም እየጠራህ። ልጁ እሺ አለ። ዓርብ ጠዋት እናቱ በር ላይ ቆመው ተናገረ፤ ከአሥሩ ሰባቱ ብድግ እያሉ እኔም ነበርኩ አሉ። ሦስቱ አልተነሱም። ማንም ምንም አልተየበላቸውም።

ሚጢጢ ተፈተነች። አለፈች። ጠዋት ጠዋት ግን ቢሯችን መጥታ አትቀመጥም፤ ደወል እስኪደወል ከረጅሙና ከሌሎቹ ጋር በር ላይ ትቆማለች። ከእሱ ጋር ትነጋገራለች፤ አንዴ ሲስቁም አይቻለሁ። በመስኮቴ በኩል ስታልፍ እኔን አታየኝም።

እናቷ አሁንም ከፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ደህና አደርክ ትለኛለች፣ ፋይል ታቀብለኛለች፣ ስታመም ስልክ ደውላ ጠይቃኛለች። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ለመጠየቅ የሞከርኩትን ይቅርታ ሁሉ «እሺ፣ ይሁን» ብላ ተቀብላኛለች። ብቻ ሻይ የምትጠጣበትን ብርጭቆ እኔ ባለሁበት ጠረጴዛ ላይ ትታ አትወጣም። ርዕሰ መምህሩ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ቢጠራት፣ ግማሽ ሻዩን በእጇ ይዛ ትሄዳለች።